በየትኛው ሰ?

የልጄን አባት ያገኘችልኝ ከሞጣ ወደ ቢቸና ገበያ የምትመጣ ጨርቅ ነጋዴ ናት። ሻሽ አንስቼ ዋጋ ስከራከራት ዓይኗ ልጄ ላይ ቀረ።

«ወላሂ ይህን ግንባር አውቀዋለሁ» አለች። «ሞጣ፣ እኛ ሱቅ አጠገብ እህል ቤት ያለው ሰውዬ፤ ቁርጥ እሱን።»

የሰውየውን ስም ጠየቅኋት። ነገረችኝ። ሻሹን አስቀመጥኩት።

ልጅቷ ድክ ድክ ስትል ነው ጥሎን የሄደው። ፍርድ ቤት ቀለብ ቆርጦበት ነበር፤ ጥቂት ወር ከፍሎ ጠፋ። ሰው ሁሉ «ዓባይን ተሻግሯል» አለኝ፤ እኔም አመንኩ። ከድልድዩ ወዲያ ያለ አገር እንዴት ተብሎ ይፈለጋል? ለካ የተሻገረው ነገር የለም። በዚያው በእኛው መንገድ ወደ ላይ ሄዶ፣ አውቶቡስ ጠዋት ተነሥቶ ለምሳ የሚደርስበት ከተማ ውስጥ ጤፍ ይሸጣል። ያን ቀን ከገበያ ስመለስ ልጄ «እማዬ፣ እጄን አመምሽኝ» አለችኝ። ለካ ጨብጬ ይዣት ነበር።

ያን ጊዜ ቀን ቀን የአንድ ትምህርት ቤት ክፍሎችን አጸዳለሁ፤ ሲመሽ የጠረግኩት ክፍል ውስጥ ገብቼ ሰባተኛ ክፍል እማራለሁ። ልጄ በዚያው ግቢ ሦስተኛ ክፍል ናት። ደመወዜ ለሁለት አይበቃም ነበር፤ ልጅቷ ራት ላይ ድርሻዋን ጨርሳ የእኔን ሳታይ ለማለፍ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። ወንድሜ ከየጁቤ በኩል መጥቶ ይህን አየ።

«እህት ዓለም፣ ልጅቷን ስጪኝ። ጥጃ ትጠብቃለች፤ እህል አይጎድልባትም።»

«ትምህርቷስ?»

«ትደርስበታለች። አንቺስ ደርሰሽበት የለ?»

ለደግ ብሎ ነው። እኔ ግን ጥጃ ስጠብቅ ነው ያደግኩት፤ በሠላሳ ዓመቴ ከልጆች ኋላ ተቀምጬ «ሀ» ብዬ የጀመርኩት በዚያ ምክንያት ነው። ቀለቡ ካልመጣ መስቀል ሲያልፍ እንዲወስዳት ተስማማን። ራሴን ነቅንቄ ብቻ ነው የተስማማሁት።

ፍርድ ቤት ሄጄ የቀለቡን መዝገብ እንደገና አስከፈትኩ። መጥሪያውን ለተከሳሽ የምታደርሽው አንቺ ነሽ ተባልኩ። ወረቀቱን እዚያው መስኮቱ ሥር ቆሜ አነበብኩት፤ ሳላነብ የምቀበለው ወረቀት የለም። የሰውየው ስም ተሳስቷል። እሱ የሚጽፈው በንጉሡ ሠ ነው፤ ወረቀቱ ላይ በእሳቱ ሰ ተጽፏል።

«ፊደሉ ልክ አይደለም» አልኩት የመዝገብ ቤቱን ሠራተኛ።

«የቱ ፊደል?»

«ይቺ ሰ። ንጉሡ ሠ ነው መሆን ያለበት።»

«አንቺ ደግሞ። ድምፁ አንድ አይደለም? ሂጂ፣ ቀጠሮው ሳያልፍ አድርሺ።»

ሄድኩ። ሞጣ ስደርስ ከቀበሌ አንድ ሚሊሻ ተሰጠኝ፤ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰውዬ ነው። እህል ቤቱ በር ላይ ቆምን። የልጄ አባት ወፍሯል። ኩንታል ላይ ተቀምጦ ከደንበኞቹ ጋር ይሳሳቃል። አየኝ፤ አልደነገጠም። መጥሪያውን ተቀብሎ ረጋ ብሎ አነበበ፤ አንብቦም ለሚሊሻው መለሰለት።

«ይህ እኔ አይደለሁም።»

«እንዴት?» አለ ሚሊሻው።

«የእኔ ስም በንጉሡ ሠ ነው። ይህ እሳቱ ሰ ነው። እኔ ቅኔ ቤት የቆየሁ ሰው ነኝ፤ በተጣመመ ስም ተጠርቼ አልሄድም። የዚህን ስም ባለቤት ፈልጉ።»

ሚሊሻው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። «እኔስ ሰ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር» አለ። ደንበኞቹ ሳቁ።

እኔ ሰው መሀል የምናገር ሴት አይደለሁም። ያን ቀን ግን ተናገርኩ፦ «ልጅቷንስ በየትኛው ሰ ወለድካት?»

ሳቁ ወደ እሱ ዞረ። ፊቱ ጠቆረ። «ፊደል ቆጠርሽና ልታርሚኝ መጣሽ?» አለኝ። «መጀመሪያ የላኩሽን ሰዎች አርሚ።»

ሚሊሻው አዘነልኝ፤ ግን አላስገደደውም። «እህቴ፣ ወረቀቱ የሌላ ሰው ነው ካለ እኔ ምን አቅም አለኝ?»

አውቶቡሱ ውስጥ እስከ ቢቸና ጥርሴን ነክሼ ነው የተመለስኩት። ያናደደኝ መካዱ ብቻ አልነበረም። ያ ሰው የስሙን አጻጻፍ ለእኔ ያስተማረኝ ራሱ ነው። ማንበብ ሳልችል፣ ገና ሙሽራ ሳለሁ፣ አመድ ላይ በእንጨት ጽፎ «ይህ የንጉሥ ነው» ይለኝ ነበር። በሕይወቴ መጀመሪያ ያወቅሁት ፊደል እሱ ነው። ልጄንም ደብተሯ ላይ የአባቷን ስም ስትጽፍ እንዳትሳሳት የተቆጣኋት በእሱ ነው።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነገሩን ሲሰማ «ታዲያ ያኔ አትነግሪኝም ነበር?» አለኝ። ነግሬዎታለሁ አልኩት። አላስታውስም አለ። አዲስ መጥሪያ ሲያዘጋጅ ከአጠገቡ አልራቅሁም፤ እያንዳንዱን ፊደል አየሁ።

ሁለተኛ ሞጣ ስሄድ ወሬ ቀድሞኛል። መናኸሪያው በር ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው ጠበቁኝ። ዛፍ ጥላ ሥር ወሰዱኝና በእድሜ የገፉት ጀመሩ።

«ልጄ፣ ፍርድ ቤት ሰው ያጣላል እንጂ አያስታርቅም። አንድ ጊዜ የሚሆን ነገር ይስጥሽ፤ ፋይሉን ዝጊው። ስለ እኛ ብለሽ።»

ሦስቱም ከመቀመጫቸው ተነሡ። ሽማግሌ ተነሥቶ ሲለምን እምቢ ማለት በእኛ አገር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔም ተነሣሁ።

«አባቶቼ፣ እኔን የበደለኝን ጠይቁኝ፤ ስለ እናንተ ብዬ እተውለታለሁ። ቀለቡ ግን የልጅቷ ነው። የሰው እህል እንዴት ብዬ ይቅር ልበል?»

አንደኛው «ክፉ አፍ አላት» አለ። የጀመሩት ሽማግሌ ግን «እውነቷን ነው» ብለው ጋቢያቸውን አጣፉ።

ሚሊሻው የልጄን አባት ወደ ቀበሌ ይዞት መጣ። መጥሪያውን አነበበው። እንደገና አነበበው። የሚነቀፍ ፊደል አላገኘም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ስክሪብቶ ሰጠውና «ስምህን ጽፈህ ፈርም» አለው።

«መጻፍ አልችልም» አለ። «ጣቴን ልጫን።»

ሚሊሻው «የቅኔ ቤቱ ሰውዬ?» ሲል ሰማሁት። ሰውየው በእጅ ጽሑፉ ነገ እንዳይያዝ ያሰበ ይመስላል። እኔ ግን ሌላም ነገር አየሁበት፤ ያን ሁሉ የኮራበትን ስም ከልጁ ስም ጋር በአንድ ወረቀት ላይ በገዛ እጁ መጻፍ ተጸየፈ። አውራ ጣቱን ቀለም ቀቡት። ተጫነ።

በቀጠሮው ቀን ኮት ለብሶ ቀረበ። ዳኛዋ ያልከፈለውን እንዲከፍል፣ ካልከፈለም እህሉ እንዲታገድ አዘዘች። እህሉ ሲነሣበት ከፈለ። መስቀል አልፎ ወንድሜ አህያውን እየነዳ ሲመጣ ልጅቷ ክፍል ውስጥ ነበረች፤ ሰላም ብሏት ብቻውን ተመለሰ።

ከዚያ በኋላም ክፍያውን አቋርጦ ያውቃል። ባቋረጠ ቁጥር መጥሪያ አውጥቼ፣ ፊደሉን አይቼ፣ ሞጣ ሄጃለሁ። ወዳጆቼ «አሁንም ንዴትሽ አልበረደም?» ይሉኝ ነበር። ልጅቷ ዐሥራ ሁለተኛን እስክትጨርስ እንዲበርድ አልፈቀድኩለትም።