ከክረምት በፊት የተሣለ መንገድ

ፈርሂያ ሳዑዲ፣ ሪያድ ከተማ በሰው ቤት ስትሠራ አንድ ቀን የእመቤቷን ስልክ ሰርቃ «አውጡኝ» ብላ ኤምባሲ ደውላ ነበር። «የት ነው ያለሽው?» ሲሏት መልስ አጣች። ሦስት ዓመት የኖረችበትን ሰፈር አታውቀውም፤ ከበሩ ወጥታ አታውቅማ! ወደ አገሯ፣ ወደ መካነ ሰላም በተመለሰች በወሩ፣ መምህር መለሰ በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ይዞ «መንገድ የሚመዘግብ በጎ ፈቃደኛ አለ?» ሲል ከሁሉ ቀድማ እጇን ያወጣችው ለዚህ ነው። ዳገት ቁልቁለቱን በእግሯ አዳረሰችው። የረገጠችው ሁሉ መስመር ሆኖ በሰው ስልክ ካርታ ላይ ይወጣል። ኩራቷን ግን ትንሽ አበዛችው፤ መንገድ የሚጠይቅ ሰው ስታይ «ስልክ የለህም እንዴ?» እስከማለት ደርሳ ነበር።

ጋሽ አራጌ ለገበያ ሲመጡ በቅሏቸውን የሚያስሩት ከእነፈርሂያ ግቢ ነው። በመስከረም መጀመሪያ፣ አገሩን ጉም በዋጠው አንድ ጠዋት፣ አርፍደው ደረሱ።

«የአፋፉ መንገድ እኮ ሰሞኑን ተናደ፣ ልጄ። በላይ በኩል ዞሬ መጣሁ።»

ፈርሂያ ክው አለች። ያንን መንገድ በጥር የመዘገበችው እሷ ናት።

«ወደዚያ የሚሄድ ሰው አግኝተዋል?»

«ክትባት የምትሰጠዋን ዝናሽን፣ አሁን በቅርቡ መገንጠያው ላይ። ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል ሰላም ብላኝ አለፈች።»

«አልነገሯትም?»

«መቼ ጠየቀችኝ! የምታውቅ መስላኝ።»

በዚህ አገር ከክረምት በኋላ መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ፣ ከሰላምታው ቀጥሎ «መንገዱ እንዴት ነው?» ይባባላል። ዝናሽ ያልጠየቀችው ካርታ ስላላት ነው። ፈርሂያ ስልኳን አወጣች።

ለዝናሽ ደወለች፤ ኔትወርክ የለም። «ጋሼ፣ በቅሎዎን!» ብላ መልስ ሳትጠብቅ ተፈናጠጠች።

«አብሽሪ፣ ትደርሻለሽ!» አሏት ከኋላዋ።

ጉሙ የበቅሎዋን ጆሮ እንኳ በቅጡ አያሳይም። ፈርሂያ ገደል ትፈራለች፤ ዝናሽ ደግሞ የሁለት ልጆች እናት ናት። «ያ ረቢ፣ ብቻ አድርሰኝ» እያለች ጋለበች። አፋፉ ሲቃረብ በቅሎዋ አልንቀሳቀስም አለች። ፈርሂያ ወርዳ ወደ ፊት ሮጠች። ዝናሽ የክትባቱን ሳጥን አንግታ፣ አንገቷን ስልኳ ላይ ደፍታ ትራመዳለች። ፈርሂያ ቀሚሷን ጨምድዳ ጎተተቻት፤ ሁለቱም ጭቃው ላይ ወደቁ።

«አብደሻል?» አለች ዝናሽ ስልኳን እያሳየቻት። «መንገዱ ይኸውና!»

መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ፈርሂያ ድንጋይ አንስታ ወረወረች። ሲያርፍ ለመስማት ጠበቁ፤ አልተሰማም።

ዝናሽ የፈርሂያን ክንድ ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

«ራሄል! የሥራ ባልደረባዬ፣ ክትባቱን ልትቀበለኝ ከማዶ እየመጣች ነው። ካርታውን እኔ ነኝ የላክሁላት!»

እኩል ስሟን ጠሩ። ከጉሙ ውስጥ ደስ ያለው ድምፅ መለሰ፦

«አቤት! ደረስኩ፣ መጣሁላችሁ!»

«ባለሽበት ቁሚ!»

«ምን አላችሁ?» ድምፁ ቀረበ።

ፈርሂያ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። «መንገድ የለም! የሣልኩት እኔ ነኝ፣ መንገድ የለም!»

ከማዶ ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማ። ሁለቱ ሴቶች ተያይዘው ጆሯቸውን ወደ ማዶ አቀኑ።

«ቆምኩ» አለች ራሄል በመጨረሻ። «ከጫማዬ ጫፍ ወዲያ መሬት የለም።»