በመጨረሻው ገጽ የጨመርኋት መስመር

ባለፈው ማክሰኞ ደሴ ላፕቶፑን በብብቱ ሸጉጦ ቤቴ መጣ። ደሴ የባለቤቴ የሙሉቀን ተማሪ ነበር፤ አሁን እሱም ያስተምራል። ሙሉቀን ካረፈ ዘጠኝ ወሩ ነው። ደሴ በየጊዜው ብቅ እያለ ይጠይቀኛል፤ የዚያን ቀን ግን ጉዳይ ነበረው።

«እትየ የሺ፣ ተቀበሉት እኮ!» አለ ገና ከደጃፉ። ከዚያ ፊቴን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ባለቤቴ ከመታመሙ በፊት ስለ አገሮች ግንኙነት ለሚያትም አንድ የውጭ መጽሔት ጥናት ልኮ ነበር። አሁን ሊታተም ነው። ጸሐፊው በሕይወት ስለሌለ አዘጋጆቹ ከጥናቱ ለብቻ ተነጥላ የተላከችውን የምስጋና ገጽ ቤተሰቡ አይቶ እንዲያጸድቃት ጠየቁ። ደሴ ወደ አማርኛ እየመለሰ አነበበልኝ። የመጨረሻዋ መስመር እንዲህ ትላለች፦ «ከወጣትነቴ ጀምሮ ጽሑፎቼን ሁሉ አንዲት ስሕተት ሳትሠራ ለተየበችልኝ ለባለቤቴ ለየሺወርቅ።»

ደሴ ፈገግ አለ። «ጋሼ መቼም ጥንቃቄያቸው! ምስጋናውን እንኳ በሌላ ወረቀት ነው የላኩት። ያቺን ሰባተኛዋን የግርጌ ማስታወሻ እስከ መጨረሻው አልረሷትም።»

እኔም አልረሳኋትም።

እንዲህ ላለው መጽሔት ጥናት ሲላክ የጸሐፊው ስም በጽሑፉ ውስጥ አይገባም። ስሙ በሌላ ወረቀት ሰፍሮ ለአዘጋጁ ብቻ ይደርሳል። ጥናቱን አንብበው የሚገመግሙት መርማሪዎች የማን ሥራ እንደሆነ ሳያውቁ ይፈርዳሉ፤ ለወዳጅ እንዳያደሉ፣ የማያውቁትንም እንዳይንቁ። ዛሬ ሳስበው ሸጋ ሕግ ነው። ያኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ያደግሁትም በሌላ ሕግ ነበር።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበር። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ በመቃ ብዕር ዳዊትና ድርሳን ይጽፋል። ቤታችን ሁልጊዜ የቆዳና የጥቀርሻ ሽታ ነበረው። አንድ መጽሐፍ ሲያልቅ በመጨረሻው ቅጠል ላይ «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ» ብሎ የጻፈውንና ያጻፈውን ሰው በክርስትና ስማቸው ያሰፍራል፤ ያነበበ ሁሉ እንዲጸልይላቸው። «ስሙን ያላሰፈረ በማን ጸሎት ይታሰባል?» ይለኝ ነበር።

እኔ ደግሞ ጎንደር አራዳ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት ጎን በነበረች ጠባብ ክፍል ኮምፒውተር እጽፍ ነበር። ማመልከቻ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የዕድር ደንብ። ታኅሣሥ ላይ አንድ ቀጭን ሰው በአንድ እጁ የወረቀት ክምር፣ በሌላው አንድ እቅፍ እሸት ሽምብራ ይዞ ገባ።

«እህቴ፣ እንግሊዝኛ ትጽፊያለሽ?»

«እጽፋለሁ። መረዳቱ ላይ ነው የምደክም።»

«ሸጋ! እንግዲያስ ስሕተቴን አታይብኝም።»

ወረቀቱን ገልጬ ደነገጥሁ። «ምነው፣ ይኸን ዶሮ ናት የጫረችው?»

«ከጠረፍ ስመለስ የጭነት ማኪና ላይ ሆኜ ነው የጻፍሁት» አለ። «ዶሮዋስ ቢሆን መች ታጣች፤ ከጎኔ ነበረች።»

ሙሉቀን ይኸ ነው። የደንብያ፣ የቆላ ድባ ልጅ ነበር፤ በከተማችን ኮሌጅ በኮንትራት ያስተምራል። ሽምብራውን እናቱ ከደንብያ ማሳቸው ነቅለው የላኩለት ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ሲወጣ እየመጣ ከጎኔ ይቀመጣል፤ እሱ ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ እሸቱን እየፈለፈልን እንበላለን። አረንጓዴው ገለባ በፊደሎቹ መካከል ይገባብኝ ነበር። ጣቴ ላይ የሚቀረው ጨው ጨው የሚል ጣዕም አሁንም በታኅሣሥ ትዝ ይለኛል። ዘንድሮ እሸት ሲሸጥ ባየሁ ጊዜ መንገድ ቀየርሁ።

የጥናቱ ጉዳይ፣ ሁለት መንግሥታት ሲኳረፉ የጠረፍ ገበያ ለምን አብሮ አይኳረፍም የሚል ነበር። እንግሊዝኛው ሲከብደኝ በአማርኛ ይነግረኛል። «ማዶ ያለው ሰው በሬው ቢጠፋ ለመንግሥቱ አይጮህም። ወዲህ ያለውን ወዳጁን ይጠይቃል። መንግሥታቱ ደብዳቤ ሲጻጻፉ በሬው በረቱ ገብቷል።»

አንድ ቀን ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ ነገረኝ። ኮሌጁ አንድ መምህር ለትምህርት ውጭ አገር ሊልክ ነው፤ ጥናቱ ተቀባይነት ካገኘ የሚሄደው እሱ ነው። ካላገኘ ግን ኮንትራቱ ሰኔ ላይ ያበቃል። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና «ከተቀበሉኝ… ለአባትሽ ሽማግሌ እልካለሁ» አለ።

«ካልተቀበሉህስ?» አልሁት። ያን ቀን ነው መጀመሪያ «አንተ» ያልሁት።

«ካልተቀበሉኝማ ምን ይዤ እልካለሁ? ዶሮዋን?»

በመጨረሻው ቀን የመጽሔቱን ሕግ አነበበልኝ፤ ስሙን ካለበት ሁሉ እየፈለግሁ አጠፋሁ። ስሙን በማጥፊያው ቁልፍ ፊደል በፊደል በላሁት። የዚያን ሁሉ መንገድ አቧራ የጠጣው ሰው ከገዛ ጽሑፉ ሲወጣ! እሱ ፖስታ ሊገዛ ወጣ። እኔ ቅጂዎቹን ማተም ያዝሁ። መጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ ቆምሁ። ከግርጌው በደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደል አንዲት መስመር ጨመርሁ፦ ያጻፈው ገብረ ሥላሴ፣ የጻፈችው ወለተ ማርያም።

የሁለታችን የክርስትና ስም ነው። የእሱን ጠይቄ አውቄ ነበር። ሕጉን የጣስሁ አልመሰለኝም፤ በክርስትና ስሙ ማን ያውቀዋል? መታወቂያው ላይ የለ፣ ኮሌጁ መዝገብ ላይ የለ። እግዜር ብቻ የሚያውቀው ስም ምን ይጎዳል አልሁ። ግን ዛሬ ስጽፍ ልዋሽ አልፈልግም። ከጸሎቱ ይልቅ የፈለግሁት ስሙንና ስሜን በአንድ ገጽ አጠገብ ላጠገብ ማየት ነበር።

ታትሞ ሲያልቅ መስመሯን ከኮምፒውተሩ አጠፋኋት። ወረቀቱን በፖስታው ከትቼ አሸግሁ። ሙሉቀን ሲመለስ ፖስታውን በመዳፉ መዝኖ «ከብዷል» አለ፤ አብረን ፒያሳ ድረስ ወርደን ላክነው።

መልሱ ግንቦት ላይ መጣ። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ የአራዳ መንገድ አፈር አፈር ይሸታል። ሙሉቀን ጫማው ጭቃ እንደያዘ ገብቶ ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። አጭር ነበር። ጽሑፉ የጸሐፊውን ማንነት የሚጠቁም ነገር ስላለበት ለመርማሪዎች ሳይላክ ቀርቷል። የት ቦታ እንዳለበት አይናገርም። ቅጂውም አልተመለሰም።

«ዲስኬቱን ክፈችልኝ» አለኝ።

ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። እኔ እጄ ጉልበቴ ላይ ሆኖ እጠብቃለሁ። ንገሪው፣ ንገሪው ይለኛል ልቤ። መጨረሻው ገጽ ሳይደርስ ድንገት ጠረጴዛውን መታ።

«አገኘኋት! ሰባተኛዋ የግርጌ ማስታወሻ! ‹ቀደም ሲል በመመረቂያ ጽሑፌ እንዳሳየሁት› ብያለሁ። ምነው ይኸን ያህል ደነዘዝሁ?»

አፌን ከፈትሁ። «ሙሉቀን፣ እኔ…»

«አንቺ ምን ታደርጊ? እንዳየሽው ጻፍሽ» አለኝ፤ እኔን ሊያጽናና ደግሞ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ።

ዲስኬቱን አውጥቼ ሰጠሁት።

አርሞ እንደገና ለመላክ ጊዜ አልነበረም፤ ለትምህርቱ ሌላ ሰው ሄደ። ሙሉቀን ሰኔ ላይ ልብሱን በአንዲት ቦርሳ ይዞ ቆላ ድባ ወረደና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። ሽማግሌዎቹን በዓመቱ ላከ፤ አባቴም እሺ አለ። ስምንት ዓመት እዚያው ኖርን፤ ልጆቻችንን ወለድን። በኋላ ወደ ጎንደር ተመልሶ ኮሌጅ ሲያስተምር ያቺ የግርጌ ማስታወሻ የተወደደች ጨዋታው ሆነች። በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች ይነግራል። «አንድ ሰው በአንዲት መስመር ዓለምን ሳያይ ሲቀር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይኸው እኔ!» ይልና ከሁሉም ቀድሞ ይስቃል። ተማሪዎቹ ቤታችን ሲመጡ ይደግመዋል፤ እኔም ሻይ እየቀዳሁ አብሬ እስቃለሁ።

ለምን አልነገርሁትም? መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ እንዳይቀሩ ፈራሁ። ከተጋባን በኋላ አፈርሁ። ኋላ ደግሞ ጨዋታውን ልነጥቀው ሆነብኝ። መታመሙን ስንሰማ ዛሬ ነገ እያልሁ አልጋው አጠገብ ስቀመጥ እሱ ሌላ ያወራል፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ክረምቱ። ሰዓቱ አለቀ።

ማክሰኞ ዕለት ለደሴ ነገርሁት። ላፕቶፑን ዘጋ።

«ጋሼ ያውቁ ነበር?»

«አያውቅም። በዚች ማስታወሻ ራሱን እየወቀሰ ነው የሞተው። እባክህ ‹አንዲት ስሕተት ሳትሠራ› የሚለውን አውጣልኝ።»

«የሟች ቃል እኮ ነው፣ እትየ። እንዴት እንነካዋለን?»

«እሱ አላወቀም። እኔ አውቃለሁ። እያወቅሁ ላጸድቀው?»

አባቴ ሲሳሳት የተሳሳተውን በካራ ይፍቀው ነበር። የተፋቀው ቦታ ግን ይሳሳል፤ ገጹን ወደ ብርሃን ከፍ ሲያደርጉት ይታያል።

ቅዳሜ ደሴ ታትሞ የሚወጣውን ገጽ አምጥቶ አሳየኝ። ከላይ የሙሉቀን ስም፣ ከግርጌ «ጽሑፎቼን ሁሉ ለተየበችልኝ ለባለቤቴ ለየሺወርቅ»። በሃያ ሁለት ዓመቴ የፈለግሁት ይኸው ነበር። መነጽሬን አውልቄ አስቀመጥሁ።

ደሴ ሊወጣ ሲል ደጃፉ ላይ ቆመ። «ለዘንድሮ ተማሪዎች ስለ ሰባተኛዋ ማስታወሻ ምን ልበላቸው?»

«እውነቱን ንገራቸው» አልሁት።

«ይስቁ ይሆናል።»

«ይሳቁ» አልሁት። እሱ ከሄደ በኋላ ገጹን ይዤ ተቀምጬ፣ ሙሉቀን ቢሰማ ምን ይል እንደነበር አሰብሁ። ድምፁ መጣልኝ። ‹በክርስትና ስሜ? በክርስትና ስሜ ነው ያስያዝሽኝ?› ብሎ እንባው እስኪፈስ ይስቅ ነበር። ከሁሉም ቀድሞ ይስቅ ነበር። እኔ ያን ሁሉ ዓመት የፈራሁት ለካ ይኸን ሳቅ ነው።