የሐሙስ ጥርስ ታማሚዎች

ጋሽ ጥሩምባ የጤና ጣቢያው ዘበኛ ከመሆኑ በፊት ዕድሜውን የገፋው በሚኒባስ ረዳትነት ነው። ሥራውን ሲለቅ ድምፁ አብሮ አልተሰናበተም፤ «ደህና አደራችሁ» ሲል የሰፈሩ ውሻ ይጮሃል።

ሐሙስ ከሰዓት ያረገዙ ኮረዶች የሚታዩበት ቀን ነው። አብዛኞቹ ገና ተማሪዎች ስለሆኑ ፊታቸውን በሻሽ ሸፍነው፣ ግድግዳ ለግድግዳ ይመጣሉ። ጋሽ ጥሩምባ ታዲያ የረዳቸው መስሎት በሩን ወለል አድርጎ ይከፍትና፣ «እርጉዞች፣ በዚህ በኩል!» ይላል። ልጆቹ ወደመጡበት እብስ።

አዋላጇ ሲስተር ጠርታ፣ እባክህ በሹክሹክታ አለችው። ሞከረ። ሹክሹክታው መንገድ ተሻግሮ ፀጉር ቤት ገባ፤ ፀጉር ቆራጩ ምን ተፈጠረ ብሎ መቀሱን እንደያዘ ወጣ። ሲቸግረው አንድ ዘዴ መጣለት። ጤና ጣቢያው የጥርስ ሐኪም የለውምና፣ «ጥርስ ያመማችሁ ግቡ» እያለ መጣራት ጀመረ። ነገሩ በልጆቹ መሃል ውስጥ ለውስጥ ተዳረሰ፤ አግዳሚው ሞላ።

አንድ ሐሙስ ግን ጥርሱን የምር ያመመው ጡረተኛ ሰዓት ሠሪ በዚያ ሲያልፍ ጥሪውን ሰማ። ጉንጩን በሻሽ እንደጠቀለለ ከልጆቹ መሃል ተቀመጠና ተራው ሲደርስ ገባ። ሲስተር ጀርባዋን ሰጥታ እጇን ትታጠባለች።

«መቼ ነው የጀመረው?»

«ሦስት ወር አለፈው» አለ፣ ባበጠ ጉንጩና በሻሹ በታፈነ ቀጭን ድምፅ እየተኮላተፈ።

«ይንቀሳቀሳል?»

«ሌሊት ሌሊት ይብስበታል።»

«ቤተሰብ ያውቃል?»

«እንቅልፍ ነስቻቸው እንዴት አያውቁም?»

«አይዞሽ፣ አልጋው ላይ ውጪና ሆድሽን ግለጪ።»

ሰውየው ትንሽ አሰበ። «ልጄ፣ ጥርሴን በሆዴ በኩል ልትነቅዪው ነው?»

ሲስተር ዞር ብላ ስታየው ክው አለች። ይቅርታ ጠይቃ፣ ማስታገሻ ሰጥታ፣ ወደ ጥርስ ሐኪም ላከችው።

ከመጋረጃው ማዶ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። የባሰባት የአንዲት የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ልጅ ነበረች፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ለምርመራ ስትመጣም የመጀመሪያዋ ነው። ፈርታ ልትሄድ ተነስታ ነበር፤ ሳቁ መልሶ አስቀመጣት። ሲስተር ስትመረምራት የደም ግፊቷ ከፍ ብሏል፤ እግሯም እጇም አብጧል። ዛሬውኑ ሆስፒታል ትገቢያለሽ አለቻት። ልጅቷ ግን ከሆስፒታሉ ይልቅ እናቷን ነበር የፈራችው።

ሲስተር ልጅቷን ሆስፒታል አስገብታ፣ ራሷ ሄዳ ለልብስ ሰፊዋ ነገረቻት። እናት ስፌቷን ጥላ ተነሳች፤ እስከ ሆስፒታሉ ድረስ ልጇን፣ ያስረገዛትን ጎረምሳ፣ ሾፌሩንና የመንገዱን ጉድጓድ ሳይቀር ስትራገም ሄደች። አልጋው አጠገብ ስትደርስ እርግማኑ አለቀባት።

«ምሳ በልተሻል?» አለች።

ሕፃኗ ቀኗ ሳይደርስ ተወለደች፤ ትንሽ ብትሆንም ጤነኛ ናት። አሁን ወጣቷ እናት ትምህርት ቤት ስትውል፣ ሕፃኗ ከአያቷ የስፌት መኪና አጠገብ የጨርቅ ክምር ላይ ትተኛለች።

ባለፈው ሐሙስ ልብስ ሰፊዋ የጎረቤቷን ልጅ እጇን ይዛ ጤና ጣቢያ መጣች። ልጅቷ፣ ወፍሬ እንጂ አላረገዝኩም ብላ ትሟገታለች።

«እሱን ሲስተር ትወስን» ብላ አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻትና፣ እንዳታመልጥ አጠገቧ ቁጭ አለች።