ሦስተኛው ጉቶ

አክስቴን ሰፈሩ የሚያውቃት «መሪዋ» በሚለው ቅጽል ስሟ ነው። ስሙ የወጣላት አለቃ ሆና አይደለም፤ ዕድሜዋን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ መሪ ስትጨብጥ ስለኖረች ነው። ሥራውን ስትጀምር ሴት አውቶቡስ ስትነዳ ማየት ብርቅ ነበር። በሩ ላይ ደርሰው እሷን ሲያዩ ተመልሰው የሚወርዱና ሌላ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። «ይጠብቁ፤ ቀድሜያቸው እደርሳለሁ» ትል ነበር። ውሎ አድሮ እነዚያው ሰዎች የእሷን አውቶቡስ እየመረጡ መሳፈር ጀመሩ። እሷ ፍሬን ስትይዝ፣ ቆሞ የሚሄድ ሽማግሌ እንኳ አይንገዳገድም ነበርና።

ባሏ ጋሼ ልብስ ሰፊ ናቸው። ማታ ማታ ከሱቃቸው ወደ ቤት የሚመለሱት በእሷው አውቶቡስ፣ ልክ ከጀርባዋ ባለው ወንበር ተቀምጠው ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ሳትጣሉ ኖራችሁ ብሎ ለጠየቃቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ፊት ለፊቴ ‹ሾፌር ማናገር ክልክል ነው› የሚል ተለጥፎ ነበር። እኔ ደግሞ ሕግ አክባሪ ነኝ።»

አክስቴ ጡረታ እንደወጣች አንዲት ያገለገለች ትንሽ መኪና ገዛች። በሕይወቷ የራሴ ያለቻት የመጀመሪያዋ መኪና ናት። ችግሩ ማደሪያ አልነበራትም። ከአጥሩ ውጪ፣ መንገድ ዳር ስታድር አንድ ጠዋት የጎን መስታወቷ ተነቅሎ ተገኘ። ብዙም ሳይቆይ በሯ ከዳር እስከ ዳር ተጫረ። አክስቴ ጭረቱን በጣቷ ዳሰሰችና፣ «የሰው አውቶቡስ አጥር ግቢ ውስጥ ሳሳድር ኖሬ የራሴን ደጅ ላሳድራት? ሞቼ ነው ቆሜ!» አለች።

ከግቢው በር እስከ ኩሽናው ግድግዳ ድረስ ለአንድ መኪና የሚበቃ ቦታ አለ። እዚያ ቦታ ላይ ግን ሦስት የባሕር ዛፍ ጉቶዎች ነበሩ። ዛፎቹ በነፋስ ጣሪያው ላይ እንዳይወድቁ ተብሎ ከተቆረጡ ቆይተዋል። ጉቶዎቹ ግን የሞቱ አይመስሉም፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር በየጎናቸው ያቆጠቁጣሉ። አክስቴ ለመኪናዋ ወለል የሚሠራላት ግንበኛ አምጥታ ቦታውን አሳየችው።

«ምን ያስጨንቅዎታል፣ እትዬ?» አላት። «ከመሬት እኩል እንቆርጣቸውና አርማታውን ከላይ እንሞላለን። ማን ያየዋል?»

«እኔ ነኛ!» አለችው። «እንጨት ይበሰብሳል። ከሥር ሲበሰብስ ባዶ ይሆናል፤ መኪናዬ ስትቆምበት ወለሉ ይሰነጠቃል። ካልበሰበሰም ያቆጠቁጣል።»

«እንግዲያው መንቀል ነው። ግን የባሕር ዛፍ ጉቶ መንቀል የሚያስከትለውን አይቻለሁ፤ እኔ አልገባበትም። መቆፈሪያ ማሽን ደግሞ በዚህ በር አያልፍም።»

«እኔን ያሳልፈኛል» አለች አክስቴ። «አንተ ለአርማታው ተዘጋጅ። ጉቶውን ለእኔ ተወው።»

በማግስቱ የድሮ የሥራ ቱታዋን ለብሳ፣ ዶማ፣ አካፋ፣ መጥረቢያና ዲጂኖ ይዛ ወጣች። የመጀመሪያውን ጉቶ ዙሪያውን ቆፈረች፤ የጎን ሥሮቹን በመጥረቢያ ቆረጠች፤ ከዚያ ዲጂኖውን ከሥሩ ሰክታ በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው። ጉቶው ተገለበጠ። ሁለተኛው ውስጡ በምስጥ ተበልቶ ስለነበር ብዙም አላስቸገራትም። «ይሄስ እንደ ወላቃ ጥርስ ነው» ብላ በእግሯ ገፋችው።

ሦስተኛው ግን ጉድ አፈላ። ወደ ኩሽናው ግድግዳ የተጠጋው፣ ሁለት ሰው ጀርባ ለጀርባ ሊቀመጥበት የሚችለው ትልቁ ጉቶ እሱ ነው። መጥረቢያው ሲያርፍበት እንደ ድንጋይ መልሶ ያነጥራል። አክስቴ ስትቆፍር ትውላለች፣ ጉቶው ግን ንቅንቅ አይልም። መዳፏ ውኃ ቋጠረ፣ ፈረጠ፣ እንደገና ቋጠረ። በአጥሩ በኩል የሚያልፍ ጎረቤት ሁሉ ሳይቀልድ አያልፍም።

«መሪዋ፣ ታርጋ አላወጣሽለትም እስካሁን?»

«ምነው ቆመ፣ ነዳጅ ጨረሰ እንዴ?»

«ቁልፉ ጠፍቶብኝ ነው!» ብላ ትመልስና ዶማዋን ታነሳለች።

በመጨረሻ ፒካፕ ያለው ጎረቤታችን፣ «እትዬ፣ እኔ ልጎትተው» አለ። አክስቴ ገመዱን አየችና ቅር አላት፤ ድካሙ ግን አሸነፋትና እሺ አለች። ገመዱ በጉቶው ዙሪያ ታሰረ። እሷ ሁላችንንም ወደ ቤት አስገብታ በሩን ዘጋችብን። ፒካፑ አጓራ፤ ጎማው ቦታው ላይ ተሽከረከረ፤ ገመዱ እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ። ከዚያ እንደ ጥይት ጮኾ ተበጠሰ። የተበጠሰው ጫፍ ተወርውሮ የኩሽናውን መስኮት አደቀቀው። ጎረቤታችን ፊቱ አመድ መስሎ ከመኪናው ወረደ። እግዜር ይመስገን፣ ማንም አልተጎዳም። ጉቶውም ምንም አልሆነም።

አክስቴ ጉቶው ላይ ቁጭ አለች። ትከሻዋ ወርዶ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «የግንበኛው ሐሳብ ሳይሻል አይቀርም» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ጋሼ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«አንቺ ሴት፣ የተሰፋ ልብስ ስታፈርሺ ጎትተሽ ነው እንዴ?»

«እኔ ስፌት አላውቅ።»

«እኔ አውቃለሁ። ከጎተትሽው ጨርቁ ይቀደዳል። የሚተረተረው ክሩን እያየሽ ነው፣ አንዱን ከአንዱ ለይተሽ። እኛ እስካሁን ክሩን መች አየነው? አፈሩን ብቻ ነው ያየነው። እስቲ የውኃውን ጎማ ወዲህ በይ።»

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጎማውን ያዙ። ውኃው ከሥሮቹ መሀል አፈሩን እያጠበ ሲያወጣ፣ በዶማ ያልታየው ሁሉ መታየት ጀመረ። ሥሮቹ እንደ ተቆላለፉ ጣቶች ናቸው። ከሁሉም የወፈረው አንዱ ተጠማዞ በኩሽናው ግድግዳ ሥር ገብቷል። ያን ሁሉ ጊዜ ጉቶውን ይዞት የኖረው ለካስ እሱ ነው!

«ገመዱ ባይበጠስ ኖሮ ግድግዳውን ይዞት ይመጣ ነበር» አለች አክስቴ፤ ዓይኗ ውስጥ የጠፋው ብርሃን ተመለሰ።

መጋዙን ይዛ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። ጋሼ ከላይ ሆነው ያሳያሉ፤ «እዚያ ጋ… አይ፣ ትንሽ ወደ ግራ… ከሥሩ ደግሞ ሌላ አለ።»

«ጋሼ፣ መሪውን ለእኔ ይተዉልኝ!» ስትል ግቢው በሳቅ ተሞላ።

ከግድግዳው ሥር የገባውን ሥር ግድግዳው እንዳይነካ ከወዲህ ቆረጠችው፤ ቀሪዎቹን የጎን ሥሮች ሁሉ ተራ በተራ። ጭቃው ሲጠነክር ጎረቤታችን የፒካፑን ክሪክ ይዞ መጣ። አክስቴ ክሪኩ መሬት ውስጥ እንዳይሰምጥ ወፍራም ጣውላ ከሥሩ አነጠፈች፤ አናቱን ከጉቶው ጉንጭ ጋር አጋጠመችው፤ ጎማ እንደሚቀይር ሰው ቀስ እያለች ታሽከረክር ጀመር። ጉቶው አቃሰተ። እንደገና አሽከረከረች። ከመሬቱ ሆድ ውስጥ «ጓ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ቁልቁል የወረደው ዋናው ሥር ተሰበረ። ጉቶው በአንድ ጎኑ ዘንበል ብሎ ተነሣ።

አክስቴ አልጮኸችም፣ አልዘለለችም። ላቧን በክንዷ ጠረገችና ጉቶውን አየችው። «ወጣህ አይደል?» አለችው። ከዚያ ጋሼን አየች። ጋሼም መነጽራቸውን አውልቀው እስኪበቃቸው አዩዋት።

ጉድጓዱን በድንጋይና በጠጠር ሞልታ፣ ደርብ በደርብ እየደለደለች ጠቀጠቀችው። ግንበኛው ሲመጣ በተረከዙ ደጋግሞ መታው፤ አልሰረጎደም። የጉቶውን ሥሮች ዞሮ ዞሮ ተመለከተና ቆቡን አወለቀ።

«እትዬ፣ ሌላ ቦታ ጉቶ ካጋጠመኝ እጠራዎታለሁ።»

«ከጠራኸን ሁለታችንንም ነው» አለችው። «እኛ ጥንድ ነን።»

አርማታው ተሞላ። አክስቴ እስኪደርቅ ድረስ እርጥብ ጆንያ እያለበሰች፣ ጠዋት ማታ ውኃ እያጠጣች እንደ አራስ ልጅ ጠበቀችው። መኪናዋ የምትገባበት ቀን ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ በሩ ጠባብ ስለሆነ ስታስተካክል ሊያዩ ነው። እሷ ግን ወደ ኋላ አዙራ፣ በአንድ ጊዜ፣ ከግራም ከቀኝም እኩል ክፍተት ትታ አስገባቻት። ሞተሩን ስታጠፋ ጭብጨባው ከመንገዱ ማዶ ተሰማ።

ጉቶው ዛሬም ከበሩ አጠገብ፣ ሥሮቹ ወደ ላይ ሆነው ተገልብጦ ቆሟል። ማገዶ ይሁን ያላትን ሁሉ ትቆጣለች። እንግዳ ሲመጣ ገና ወንበር ሳትሰጥ እጁን ይዛ ወደዚያ ትወስደዋለች፤ ይህ በመጋዝ፣ ይህ በመጥረቢያ፣ ይኼኛውን ያየልኝ ጋሼ እያለች እያንዳንዱን ሥር ታሳያለች። እኔም ከጎኗ ቆሜ እሰማለሁ፤ ታሪኩን በቃሌ ባውቀውም፣ እንግዳው «እርስዎ ራስዎ?» ሲል አክስቴ አንገቷን ቀና የምታደርጋትን ነገር ማየት አይሰለቸኝም።