ቀኝ ጉልበት

ይህን እንድጽፍ ሰውየው ራሳቸው ፈቅደውልኛል። ሁለት ነገር አስጠንቅቀውኝ ነበር፤ ስማቸውን እንዳላነሳ፣ ቦርጫቸውንም እንዳላጋንን። ስማቸውን አላነሳም። ቦርጫቸው ግን የሆስፒታሉን ብርድ ልብስ የሠርግ ድንኳን ያስመስለው ስለነበር፣ እንዳላየ ማለፍ ይከብደኛል።

ቦሌ አካባቢ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ ከባድ አደጋ የደረሰባቸው ወንዶች በሚተኙበት ክፍል ነው የምሠራው። ሥራዬ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ይባላል። ቃሉ ስለሚረዝም ሁሉም «ዶክተር» ይሉኛል፤ እኔም ማረም ከተውኩ ቆየሁ። በሽተኞቹ እርስ በርስ ሲያወሩ ግን «ባዶ እጁን የሚመጣው ዶክተር» ነኝ። እውነታቸውን ነው። ሌላው ሐኪም መርፌ ወይ መቀስ ይዞ ይመጣል፤ እኔ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ።

ሰውየው ከአያት መገናኛ ሠላሳ ዓመት ሚኒባስ የነዱ ሹፌር ናቸው። ዳር ይዘው ጎማ ሲቀይሩ ገልባጭ መኪና ገጫቸው፤ ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በላይ ተቆረጠ። መጀመሪያ የተገናኘን ቀን በሚያምር ድምፄ ጠየቅኳቸው፦

«ከአደጋው በኋላ ምን እየተሰማዎት ነው?»

«አንተ የምን ሐኪም ነህ?»

«የሥነ ልቦና።»

«አልጋ ተሳስተሃል ወንድሜ። የተቆረጠው እግሬ ነው። ጭንቅላቴ ይኸው!» ብለው መላጣቸውን በጣታቸው አንኳኩ።

ከጎናቸው የተኛው ሴራሚክ ሠራተኛ ከኮንዶሚኒየም ወድቆ ሁለቱም እጆቹ በጄሶ ወደ ፊት ተዘርግተው ስለታሰሩ፣ ባየኸው ቁጥር ሊያቅፍህ የሚመጣ ይመስላል። «ጋሼ፣ ይመርመርዎት እንጂ! ባዶ ሆኖ ቢገኝስ?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ነገሩ ያላሳቀው አንድ ሰው ነበር፤ የሹፌሩ ብቸኛ ልጅ። ቦሌ ለሚ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ ከሥራ እንደወጣች በየቀኑ ትመጣለች። ሠርጓ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ኮሪደር ላይ ያዘችኝ።

«ዶክተር፣ አባዬ ሠርጉ ይደረግ፣ እኔ ግን አልመጣም አለ። እሱ ከሌለ ደግሞ እኔ አላገባም። እባክዎ አንድ ነገር ያድርጉ።»

አንድ ነገር ማድረግ ለእኔ ቀላል ነው። የሚከብደኝ ትክክለኛውን ነገር ማድረግ ነው። ሰውየው በዊልቸር መታየት አፍረዋል ብዬ ደመደምኩ፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ስለ ዊልቸር ሰበክኳቸው። ቀላል መሆኑን ላሳይ ብዬ ራሴ ተቀምጬ ኮሪደሩን በአውሮፕላን ፍጥነት ስከንፍ ከመድኃኒት ጋሪ ጋር ተላተምኩ። ሹፌሩ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «መንጃ ፈቃድህን አምጣ!» አሉኝ። ሠርጉን ግን አሁንም እምቢ። መንገዱ ይንጣል አሉ፤ መፍትሔ አመጣሁ። ድንኳኑ ይበርዳል አሉ፤ ለእሱም አመጣሁ። አንዱን ሰበብ ስደፍን ሁለት ሌላ ይከፈታል።

በመጨረሻ ተሸነፍኩና አንድ ጠዋት ማግባባቱን ትቼ እንዲሁ ጠየቅኳቸው። «ልጅዎ ከቤት የምትወጣ ቀን ምን ምን ይደረጋል?»

ፌርማታ እንደሚቆጥር ሰው በተራ ነገሩኝ። «ሙሽራው ይመጣል። ሚዜዎቹ በር ላይ ይጨቃጨቃሉ። ይገባሉ። ይበላል። ከዚያ ልጄ ትንበረከክና ግራ ቀኝ ጉልበቴን…»

ቆሙ። ብርድ ልብሱን ቁልቁል አዩት።

«ቀኝ ጉልበት የለኝም። ምኔን ትሳም?»

እኔ በንግግር እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ፤ ባለቤቴ እንደምትለው እንቅልፍ ውስጥ እንኳ ዝም አልልም። እስከዚያ ጠዋት ድረስ ግን ያን አንድ ጥያቄ አልጠየቅኳቸውም ነበር። ይህን ሁሉ ቀን እኔ ስለ ዊልቸር ጎማ ሳወራ እሳቸው ስለ ጉልበት ያስቡ ነበር።

ቀድሞ የመለሰላቸው ባለጄሶው ነው። «ግራውን ሁለቴ ትሳማ!»

«ዝም በል አንተ ግድግዳ!» አሉት ሹፌሩ፤ ፈገግ ግን ብለዋል። ክፍሉ በሙሉ ጉባኤ ተቀመጠ። አንዱ እጃቸውን ትሳም አለ፤ ሌላው ትራስ ይደረግበት አለ። ዳሌያቸው የተሰበረው አዛውንት ከወዲያኛው ጥግ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኚህ ሰው የየካ አባዶ ገበሬ ነበሩ፤ ኮንዶሚኒየሙ የቆመው በእኔ ገብስ ላይ ነው እያሉ በቀን አሥር ጊዜ ያስታውሱናል።

«እኔ ወይፈን ስጠምድ አስቀድሜ አለማምደው ነበር» አሉ። «ምን ያጨቃጭቃችኋል? ተለማመዱት!»

ሙሽራ ማን ይሁን? መቆም የሚችል፣ መንበርከክ የሚችል፣ ሁለት እጅና ሁለት እግር ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

አንሶላ ተከናነብኩ። የአንሶላው ጫፍ በባለጄሶው እጆች ላይ ተንጠለጠለ፤ ከዚያ የተሻለ ሚዜ ከተማው ውስጥ አይገኝም። የተኛው ሁሉ አጨበጨበ። ሙቀት ልትለካ የገባችው ነርስ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች፤ ከዚያ እልልታውን አቀለጠችው። ስንበረከክ ጉልበቴ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ።

«ሙሽራዋ ራጅ ትነሳ!» አለ አንዱ።

ግራ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ከዚያ ወደ ቀኝ ዞርኩ። የታጠፈው የፒጃማ እግር እዚያ አለ። እኔ ስንቱን ሰው «እዩት፣ ንኩት፣ የራስዎ አካል ነው» ያልኩ ሰውዬ፣ ከበላዩ አንድ ስንዝር ራቅ ብዬ አየር ስሜ ተነሳሁ። ክፍሉ አጨበጨበ። ሹፌሩ አላጨበጨቡም።

«ፌርማታ ዘለልክ» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ኧረ አልዘለልኩም…»

«ሠላሳ ዓመት ሹፌር ነኝ እኮ!»

አንሶላውን ከራሴ ላይ አወረድኩ። «ፈራሁ» አልኳቸው። «እውነቴን ነው፤ የማሳምምዎት መሰለኝ። ደግሞም እንዲሁ ፈራሁ።»

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ቦርጩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከቦርጩ አልጋው፣ ከአልጋው መስኮቱ። «ደሞዝ የሚበላበት ሰውዬ ከፈራ፣ እኔ ብፈራ ምን ይገርማል!» አሉ እየሳቁ። ዓይናቸውን ጠረጉና «እሄዳለሁ» አሉ። «አንተም ትመጣለህ። እዚያ ቁጭ ብለህ ታያለህ።»

ሙያችን ከታካሚ ሠርግ መብላትን አይወድም። አለቃዬን አስፈቀድኩ፤ ፈቃዱ ለመሄድ እንጂ ለመብላት አልነበረም፤ እዚያ ላይ ትንሽ አጥፍቻለሁ። በሠርጉ ጠዋት መገናኛ አብረዋቸው ተራ ይጠብቁ የነበሩ ሹፌር ጓደኞቻቸው ወንበር የወለቀለት ሚኒባስ ይዘው መጡና ከነዊልቸራቸው ጫኗቸው። ከሆስፒታሉ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም እስካለው ቤታቸው ድረስ ከኋላ ሆነው የነዱት እሳቸው ናቸው። «ማርሽ ቀይር! ወደ ግራ አትጠጋ! ማነው ለዚህ መሪ የሰጠው?»

ድንኳኑ ከብሎኩ ሥር ተተክሏል። ሙሉ ልብሳቸውን የሰፋችው ልጃቸው ናት፤ የቀኙን ሱሪ እንዲሁ አላጠፈችውም፤ ልክ እግሩ እስከሚደርስበት ቆርጣ፣ ጫፉን ዘግታ፣ የፋብሪካ ስፌት ሰፍታለታለች።

ሰዓቱ ደረሰ። ተንበረከከች። ግራውን ሳመች። እኔ ሹካዬን አስቀመጥኩ። ቀኙን በሁለት እጇ እንደ ሕፃን ፊት ያዘችው፤ በራሷ ስፌት ላይ ግንባሯን አሳረፈች፤ ሳመችው። ቶሎም አልተነሳች።

ሰውየው ለምርቃት የተዘጋጁትን ሁሉ ረሱት። «ልጄ… ልጄ» ብቻ። ኋላ አፋቸው ሲፈታ ደግሞ የሚያቆማቸው ጠፋ፤ እስከ ልጅ ልጅ ልጇ ድረስ መረቁ፤ የተንበረከከው ሙሽራ እግሩ ደንዝዞ ሚዜዎቹ ደግፈው አነሱት።

እልልታው መሐል ዓይናቸው ድንኳኑን ዞሮ እኔን አገኘ። አፌ በጥብስ ተሞልቷል። ቀኝ እግራቸውን መታ መታ አድርገው፣ በተራ አስከባሪ ድምፅ ጮኹ፦

«ዶክተር! አየህ? ፌርማታው እዚህ ጋ ነው!»