ባለ አንድ ዐይኑ ጀግና

የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሲገባ የእኛው ገና ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ይቀረው ነበር። በዚያን ጊዜ ደባርቅ ውስጥ በቅሎ ጫኝ ነበርሁ። ተራራው ላይ ሰንብተው የሚመለሱ ቱሪስቶች ወደ አገራቸው ከመሄዳቸው በፊት ጓዛቸውን ያቃልላሉ፤ ካልሲ፣ ባትሪ፣ የተረፈ ብስኩት ይሰጡናል። አንድ ጎረምሳ ፈረንጅ ግን ለእኔ የሰጠኝ አራት ቀጫጭን መጽሔቶች ነበር። ከዳር እስከ ዳር በሥዕል የተሞሉ ናቸው። ካባ የለበሰ ሰው ከፎቅ ፎቅ ይበርራል፣ በቡጢ ግንብ ያፈርሳል፤ ሰዎቹ የሚናገሩት ቃል ከአፋቸው እንደ ፊኛ ወጥቶ በእንግሊዝኛ ተጽፏል።

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም። ፊደል የቆጠርሁት በራሴ ነው፤ ከስኳር ከረጢት፣ ከአውቶቡስ ግንባር፣ ከተቀዳደደ ጋዜጣ። ስለዚህ ቤቴ የሚገባ ጽሑፍ ሁሉ በእኔ ሳይመረመር ልጆቼ እጅ አይገባም። እንግሊዝኛው ስለማይገባኝ ሥዕሉን መረመርሁ። ሥዕል ማንበብ ከልጅነቴ አውቃለሁ። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ጻድቁ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዐይኑ ያያል፤ ከሐዲውና ገራፊው ግን በጎኑ ይሣላል፣ የሚታየውም አንድ ዐይኑ ብቻ ነው። ይህን ቅዳሴ ያስቀደሰ ሁሉ ያውቀዋል።

የመጀመሪያውን መጽሔት ስገልጥ ካባ ለባሹ በጎኑ ተሥሏል። አንድ ዐይን! ከፊቱ ቦርሳ ታቅፎ የሚሮጠው ሰው ደግሞ ሁለት ዐይኑን አፍጥጦ ወደ እኔ ያያል። ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ያን ጊዜ ተማሪ የነበረችውን ታላቂቱን ልጄን ጠርቼ አስረዳኋት።

«ይህ የሚበርረው የትዕቢት መንፈስ ነው። ያንን ምስኪን ንብረቱን ሊቀማው ያሳድደዋል።»

«አባቴ፣ ቦርሳው እኮ የባንክ ነው። ከኋላው የተሰበረ በር አለ።»

«ዐይኑን እይ!»

«ታዲያ ሰዎቹ ለምን ለሚበርረው ያጨበጭቡለታል?»

«ለትዕቢተኛ የማያጨበጭብ ማን አለ?»

ይህ መልሴ ዛሬም አያሳፍረኝም፤ እውነት አለበት። መጽሔቶቹን አላቃጠልኋቸውም፤ የተጻፈ ነገር ማቃጠል አልወድም። ከአልጋ ሥር ባለው የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ቆለፍሁባቸው።

ዓመታት አለፉ። ታላቂቱ ዳባት ላይ አስተማሪ ሆነች። ታናሺቱ፣ የስተርጅና ልጄ፣ ሦስተኛ ክፍል ገባች። አንድ ቀን መምህርቷ አስጠራችኝ።

«ልጅዎ አታነብም» አለችኝ።

«እንዴት አታነብም? ስታነበንብ ቤት ውስጥ እሰማታለሁ!»

መምህርቷ መጽሐፉን ዘቅዝቃ ለልጄ ሰጠቻት። ልጄም የተዘቀዘቀውን መጽሐፍ ይዛ ትምህርቱን ያለ አንድ ስሕተት ወረደችው። እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ይዛዋለች። ያልተማሩትን ገጽ ሲገልጡላት ግን አፏ ተያዘ። እስከ ሰኔ ካላነበበች ክፍሉን እንደምትደግም ተነገረኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ፣ «ከምደግም መካነ ብርሃን አክስቴ ዘንድ ልሂድና በዚያው ልቅር» አለችኝ። የምሯን ነበር። እዚያ ከሄደች ደብተር ዳግም እንደማትይዝ ሁለታችንም እናውቃለን።

እኔ የማውቀውን አደረግሁ፤ ተቆጣሁ። ፊደል አስቆጠርኋት። ፊደሉንም በዜማ ሸመደደችው፤ መካከል ላይ ጣቴን ሳሳርፍ ግን ከ«ሀ» ጀምራ ካልዘመረች አትደርስበትም።

ቅዳሜ ታላቂቱ ከዳባት በሚኒባስ መጣች። ነገሩን ሰምታ ጥቂት አሰበችና፣ «አባቴ፣ የሣጥኑን ቁልፍ ይስጡኝ» አለች።

«እነዚያን? በእንግሊዝኛ እኮ ናቸው።»

«ለዚያ ነው የምፈልጋቸው። ማንም በቃሉ አልያዛቸውም።»

ነጭ ወረቀት ቆራርጣ ፊኛዎቹ ላይ ለጠፈችና የራሷን ቃል በአማርኛ ጻፈችባቸው። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥሁ፤ በቤቴ የሚነበበውን ሳላውቅ አልተውም። ታናሺቱ ሥዕሉን አይታ ተደነቀች።

«ይሄ የሚበርረው ጥሩ ነው መጥፎ?»

ታላቂቱ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «አባታችንን ጠይቂ።»

ስለ አንድ ዐይንና ስለ ሁለት ዐይን አስረዳሁ። ታናሺቱ ቀጣዩን ሥዕል አየች። ካባ ለባሹ ፊቱን ወደ እኛ አዙሯል።

«አሁን ሁለት ሆነ! አባዬ፣ ዞር ሲል ጸደቀ ማለት ነው? ሌባውን ደግሞ እየው፤ ዘወር ሲል ተኮነነ!»

ታላቂቱ እስከ ዛሬ አንቱ ትለኛለች። ታናሺቱ ግን ማን እንደፈቀደላት እንጃ፣ አንተ ነው የምትለኝ። ልቆጣ ስል ሳቅ ቀደመኝ። ያን ሁሉ ዓመት ሌባውን ጻድቅ አድርጌ ኖሬአለሁ። ቢሆንም ካባ ለባሹን አላመሰግነውም። በአራቱም መጽሔቶች ውስጥ ሽማግሌ የሚልክ አንድ ሰው የለም፤ ነገር ሁሉ በቡጢ ያልቃል። ይህንንም ነገርኋቸው።

«እንግዲያው ሌባውን በሽማግሌ እናናግረው» አለች ታላቂቱ። ሌባው በተያዘበት ሥዕል ላይ፣ ከአፉ በወጣው ፊኛ ውስጥ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈች።

ታናሺቱ ጣቷን እያስኬደች ጀመረች። «ቦር... ሳው... የ... እኔ... ነው!»

ገምታ ነው። ሌባ ሌላ ምን ይላል? ላርማት ስል ታላቂቱ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። የልጅቱ ጣት ግን ከመጨረሻው ቃል ላይ አልተነሣም። እሷ ያለችው አጭር ነው፤ ከጣቷ ሥር ያለው ረዥም ነው። ግንባሯ ተቋጠረ።

«አ... ይ... ደ...» አለችና ድንገት ቀና አለች። «አይደለም! ቦርሳው የእኔ አይደለም! አባዬ፣ ሌባው አመነ እኮ!»

ሰው ማንበብ የሚጀምረው ያልጠበቀውን ነገር ወረቀት ላይ ሲያገኝ ነው። ቁጣ ፊደል ያስጮኻል እንጂ አያስነብብም። ይህን ለአባቶች ሁሉ እላለሁ፤ ለራሴም ጭምር።

ከዚያ ወዲያ ታላቂቱ በመጣች ቁጥር በአሮጌው ወረቀት ላይ አዲስ ትለጥፋለች፤ ካባ ለባሹም በየጊዜው ሌላ ነገር ይናገራል። መጽሔቶቹ ወፍረው አልዘጋ አሉ።

ሰኔ ላይ መምህርቷ ልጄ አይታው ከማታውቀው መጽሐፍ አንድ ገጽ ገለጠችላት። ስለ ንብ ነበር። እኔ በሩ ላይ ቆሜአለሁ። ልጄ ቀስ ብላ ጀመረች። አንድ ቃል ላይ ተሰናከለች፤ ወደ ኋላ ተመለሰች፤ እንደገና ሞክራ አለፈችው። ገጹ ሲያልቅ መምህርቷ፣ «ጎሽ፣ ይበቃል» አለቻት። ልጄ ግን አልሰማቻትም። ንቦቹ ቀፎውን ለቀው ወዴት እንደሄዱ ለማወቅ ቀጣዩን ገጽ ገልጣ ነበር።