ሰማያዊው እጀታ

ትናንት የቤዛዊትን ዳገት ስንወጣ ባጃጇ አቃሰተች። ሹፌሩ ማርሽ ሳይቀንስ ነዳጅ ይሰጣል። ያን ድምፅ ስሰማ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆንሁ።

በደርግ ጊዜ አጎቴ የአንበጣ መድኃኒት የምትረጭ ትንሽ አውሮፕላን አብራሪ ነበሩ። አንድ ጠዋት ለሙከራ ሲበሩ ከእናቴ ደብቀው ይዘውኝ ወጡ። ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ወንበር ላይ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ከታች ጣና ያብለጨልጫል።

"ጥቁሩ እጀታ ለሞተሩ ጉልበት ነው፤ ሰማያዊው ፊት ያለውን የፕሮፔለር የመሽከርከር ፍጥነት ይለውጣል" አሉኝ። "ሁለቱንም ስትቀንሺ ጥቁሩን አስቀድሚ። በይ ሞክሪ።"

"እሺ ጋሼ" ብዬ ሰማያዊውን ሳብሁት። ሞተሩ አጓራ፤ ወንበሬ ተንቀጠቀጠ። ሐይቁ ውስጥ የገባን መስሎኝ ጮህሁ።

አጎቴ እጀታውን እየመለሱ ከት ብለው ሳቁ። "አንቺ ልጅ፣ አህያው ጭነቱ ሳይራገፍለት እግሩን አሰርሽው እኮ! በይ እንደገና።"

ጥቁሩን፣ ቀጥሎም ሰማያዊውን ሳብሁ። ሞተሩ ለስለስ ብሎ አንጎራጎረ። አጎቴ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

"ወንድሜ፣ ባጃጇን ጨነቃት እኮ፤ ማርሽ ቀንስላት" አልሁት ሹፌሩን። ቀነሰ፤ ባጃጇም ተነፈሰች።

በመስታወቱ አየኝ። "እትዬ፣ ባጃጅ ይነዳሉ እንዴ?"

"ኧረ አልችልም" አልሁት፤ "አውሮፕላን ብቻ ነው የነዳሁት።"